“ኦቲዝም ነው” ከተባለ በኋላ፦ የወላጆች ስሜትና የአካባቢያችን ድርሻ

ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ከሐኪም የሰማ ወላጅ ብዙ ዓይነት ስሜት ይፈራረቅበታል። ድንጋጤና ሐዘን አለ። “ምን አጥፍቼ ነው?” የሚል ጸጸት አለ። “ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል” የሚል ተስፋም አይጠፋም። ከእነዚህ ጋር ሰው የማይጠብቀው ሌላ ስሜት ይመጣል፤ ይኸውም እፎይታ ነው። ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ቤተሰቡን ሲያስጨንቅ የኖረው ነገር በመጨረሻ ስም አግኝቷልና። ከእነዚህ ስሜቶች መካከል የትኛው ጸንቶ እንደሚቀር የሚወሰነው በወላጁ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከምርመራው ውጤት ጋር አብሮ በተነገረው ቃል፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ ጎረቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው በሚያደርጉለት አቀባበል ጭምር ነው።

ጉዳዩ በ2014 ዓ.ም. ለተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ይህ የዓለም አማካይ እንጂ የማጂ፣ የሚዛን ተፈሪ ወይም የቴፒ ቆጠራ አይደለም። ሆኖም ኦቲዝም ከተማና ገጠር፣ ሀብታምና ድሃ ሳይለይ በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ የሚገኝ በመሆኑ፣ በቡና ማሳዎቻችን መካከል ባሉት መንደሮችም እንዲህ ያሉ ልጆች መኖራቸው አያጠራጥርም። ሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ልጅም ቢሆን ስም ሳይወጣለት አይቀርም። “መንፈስ ያዘው”፣ “ቡዳ በላው”፣ “የወላጆቹ ኃጢአት ነው”፣ “ባለጌ ነው፤ አላሳደጉትም” ይባላል። እነዚህ ስሞች ሁሉ ጥፋተኛ ይፈልጋሉ፤ ጥፋተኛ ተብላ የምትገኘውም ብዙ ጊዜ እናት ናት።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ በልጅነት የሚገለጥና ከሰው ጋር በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚኖር ሁኔታ ነው። በዋናነት የሚታየው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሚታይ ልዩነት ሲሆን፣ ልጁ ስሙ ሲጠራ ላይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ ላይጠቁም፣ የሰው ዓይን ከማየት ሊርቅ፣ አፉን ዘግይቶ ሊፈታ ወይም ጨርሶ ላይናገር ይችላል። ሁለተኛው የድግግሞሽና የአንድ ዓይነትነት ፍላጎት ነው። እጁን ማርገብገብ፣ አንድን ዕቃ ለሰዓታት ማሽከርከር፣ የለመደው መንገድ ወይም ምግብ ሲለወጥበት አምርሮ ማልቀስ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለልብስ ንክኪ ከልክ ያለፈ ስሜት ማሳየት ከዚህ ወገን ናቸው።

ልጆቹ እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ። አንዱ አቀላጥፎ እያነበበ ጓደኛ ማፍራት ይቸግረዋል። ሌላው እድሜ ልኩን በቃል ሳይናገር፣ ለመብላትና ለመልበስ የሌላ ሰው እርዳታ ይፈልጋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም የሚጥል በሽታ አብሯቸው ያለ ልጆችም አሉ። ስለዚህ “ኦቲዝም ነው” የሚለው ቃል ብቻውን ስለ አንድ ልጅ የወደፊት ሕይወት የሚናገረው ጥቂት ነው። ወላጁ ግን ቃሉን በሰማበት ሰዓት የልጁን መላ ዘመን የተፈረደበት መስሎ ሊታየው ይችላል። ከመጀመሪያው ድንጋጤ ከፊሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ምርመራውም ወላጅ ከለመደው ዓይነት ምርመራ ይለያል። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ምስል የለም። ባለሙያው ልጁን ተመልክቶ፣ የእድገቱን ታሪክ ከቤተሰቡ ጠይቆ ነው የሚወስነው። በወረቀት የታተመ የላቦራቶሪ ውጤት በእጁ ያልያዘ አባት “እንዲሁ አይቶ እንዴት ያውቃል?” ብሎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ባለሙያው ይህን ቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል። ወላጅ በበኩሉ ልጁ አፉን በጊዜው ካልፈታ በቅድሚያ የመስማት ችሎታው እንዲታይለት መጠየቅ አለበት፤ የማይሰማ ልጅም አይናገርምና። የሚጥል በሽታ አብሮት ካለ ደግሞ ለሚጥል በሽታው መድኃኒት አለ፤ ሳያቋርጡ መውሰድ የልጁን ሕይወት ያተርፋል። ኦቲዝምን ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት ግን የለም። አለኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መጠንቀቅ ያሻል።

መድኃኒት የለም ማለት የሚሠራ ነገር የለም ማለት እንዳልሆነም አብሮ ሊነገር ይገባል። ልጁ በእድሜው ለጋነት ሐሳቡን በምልክት፣ በሥዕል ወይም በቃል የሚገልጽበትን መንገድ እንዲለማመድ፣ ራሱን እንዲያጸዳ፣ እንዲለብስና ከሌሎች ጋር እንዲጫወት ማገዝ ብዙ ይለውጣል። “ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል” እያሉ ዓመታትን ማሳለፍ የሚጎዳውም ለዚህ ነው። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞርና በጣቱ የማይጠቁም፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር፣ ወይም ጀምሮት የነበረውን ንግግር የተወ ልጅ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

ወላጅን የመውቀስ ረጅም ታሪክ

ልጁ የተለየበት ወላጅ ራሱን የሚወቅሰው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ተምረናል፣ ሠልጥነናል በሚሉ አገሮችም እናቶች በሊቃውንት አንደበት ተወግዘዋል። ሊዮ ካነር የተባሉት የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ 11 ልጆችን አጥንተው ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ሁኔታ በጽሑፍ ካቀረቡ በኋላ፣ ምክንያቱ የእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው የሚል አስተሳሰብ ለዓመታት ነገሠ። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሩኖ ቤትልሃይም ይህንኑ ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው። በዚያ ዘመን የልጇን ምርመራ ውጤት የሰማች እናት ከውጤቱ ጋር ፍርድም ትቀበል ነበር። ልጇን እንደዚህ ያደረገችው እርሷ ራሷ መሆኗ ይነገራታል።

ይህን ክስ በመጀመሪያ ከተቃወሙት መካከል አንዱ ራሱ ወላጅ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነው በርናርድ ሪምላንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱ የአስተዳደግ ጉድለት ሳይሆን ከተፈጥሮ አካል የሚነሳ መሆኑን ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪታንያ 21 ጥንድ መንትዮችን የመረመረ ጥናት ደግሞ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመለከተ። ዛሬ ሳይንሱ በዚህ ረገድ ጥርጣሬ የለውም። የወላጅ ፍቅር ማነስ ኦቲዝምን አያመጣም።

ሌላው የጸጸት ምንጭ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በለንደን በሚታተም ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ 12 ልጆችን ብቻ መሠረት አድርጎ የወጣ ጽሑፍ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር በማያያዙ በብዙ አገሮች ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ አፈገፈጉ። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዟል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነውና በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለው ጥናትም ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማያስከትል አረጋግጧል። ልጇን ስላስከተበች የምትጸጸት እናት ብትኖር ጸጸቷ መሠረት የለውም። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጅ ይገድላል።

የሩቁን አገር ታሪክ እዚህ ማንሳት ያስፈለገው በምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ “እርግማን ነው” የሚለውና በዚያ “የእናትየው ቅዝቃዜ ነው” ይባል የነበረው ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ለልጁ አንዳች ሳይጨምሩለት የሚንከባከበውን ሰው ጉልበት ይሰብራሉ።

በአዲስ አበባ የተጠየቁ 102 ተንከባካቢዎች

የኢትዮጵያውያን ወላጆችን ስሜት በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት በሚሰጥባቸው ክሊኒኮች ኦቲዝምና ሌሎች የእድገት እክሎች ያሉባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቋል። ከእነርሱ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 43.1 በመቶው ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው እንደሚሰጉ፣ 26.7 በመቶው ደግሞ የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ይህ ስሜት በወላጁ የትምህርት ደረጃም ሆነ በልጁ ጾታና እድሜ አልተለያየም። ኀፍረት የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያገኘዋል ማለት ነው።

ስለ ምክንያቱ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ድብልቅ ነበር። 30.4 በመቶው የጭንቅላት ጉዳትን፣ 25.5 በመቶው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግርን ጠቅሰዋል። 40.2 በመቶው መንፈስ፣ 27.5 በመቶው የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ምክንያት ይጠቅስ ስለነበር ሐኪም ቤት የመጣ ሁሉ የመንፈሱን ነገር ትቶ መጣ ማለት አይቻልም። ምክንያቱን ከመንፈስ ጋር ያያያዙት ደግሞ መገለልን ከሌሎቹ አብልጠው ተናግረዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እምነቱ ኀፍረቱን አመጣው ወይስ ኀፍረቱ የበረታበት ሰው ወደዚያ ማብራሪያ አዘነበለ የሚለውን ይህ ዓይነት ጥናት አይለይም። አብረው መሄዳቸውን ግን አሳይቷል።

ለእኛ ከሁሉ የሚጠቅመው የጥናቱ ክፍል ወላጆቹ “ምን ይጎድላችኋል?” ተብለው ሲጠየቁ የመለሱት ነው። በቀዳሚነት የጠቀሱት ትምህርትን ነው፤ 74.5 በመቶው ለልጃቸው ትምህርት ማግኘት እንደሚሹ ተናግረዋል። የጤና ባለሙያ ሕክምና በ47.1 በመቶ ሁለተኛ ሆኗል። የገንዘብ ድጋፍ 30.4 በመቶ፣ ልጁን ለማሳደግ የሚያግዝ የባለሙያ ምክር ደግሞ 27.5 በመቶ ናቸው። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ የተገኙ ሰዎች ከሕክምና ይልቅ ትምህርትን ማስቀደማቸው ብዙ ይናገራል። ወላጁ የሚፈልገው ልጁ እንደሌሎቹ ልጆች ማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ነው።

“ምን ያጽናናችኋል?” ለሚለው የሰጡትም መልስ እንዲሁ ነው። 86.3 በመቶው ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገርን፣ 85.3 በመቶው ከቤተሰብ ጋር መነጋገርን፣ 76.5 በመቶው የጓደኛን ድጋፍ፣ 57.8 በመቶው ጸሎትን ጠቅሰዋል። ከእነዚህ መካከል ውድ መሣሪያ ወይም ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት የሚጠይቅ አንድም የለም። ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ተጠያቂዎቹ ክሊኒክ የደረሱና የሚያናግሩት ባለሙያ ያገኙ ናቸው። እዚያ ያልደረሰው የገጠር ወላጅ ሸክሙን የሚሸከመው ያለ እነዚህ ረዳቶች ነው።

ለቅሶ የማይቀመጡለት ሐዘን

አገራችን ለሐዘን ሥርዓት አላት። ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። የልጁን ምርመራ ውጤት የሰማ ወላጅ ግን የሚያዝነው በሕይወት ላለ፣ አጠገቡ ለሚጫወት ልጅ ነው። የሚያዝነውም ለልጁ ሳይሆን በሐሳቡ ለገነባው ነገ ነው፤ ሲናገር ሊሰማው፣ ሲማር ሊያየው፣ ሲድረው ሊመርቀው ለጓጓለት ልጅ። ይህ ሐዘን ድንኳን የለውም። ወላጁ ቢያለቅስ “ልጅህ በሕይወት አለ፤ ተመስገን በል” ይባላል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሐዘኑን አያስቀርለትም። የማይለቀሰው ሐዘን ወደ ዝምታ፣ ዝምታውም ልጁን ከሰው ዓይን ወደ መሸሸግ ሊያመራ ይችላል።

እናትና አባት ሐዘኑን የሚገልጹበት መንገድም ይለያያል። በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እናት ናት። ቡና በሚለቀምበት ወራት ሌሎች እናቶች ልጃቸውን ለታላቁ ልጅ ወይም ለጎረቤት ትተው ማሳ ሲወርዱ እርሷ አይሆንላትም። ልጁ አደጋ አይቶ አይሸሽም፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መንገድ ሊሄድ ይችላል። አብራ ብትወስደው ሥራዋን አትሠራም፤ ቤት ብትቆልፍበት ልቧ አያርፍም። በር ተቆልፎበት ወይም ታስሮ የሚውል ልጅ ሲገኝ “ጨካኞች” ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። የወላጆቹን ምርጫ ያጠበበው ምን እንደሆነ መጠየቅ ግን ይቀድማል። አባት በበኩሉ ሐዘኑን በሥራና በዝምታ ሊሸፍን ይችላል፤ “በእናንተ ዘር ነው”፣ “በእናንተ ነው” መባባል ከተጀመረ ደግሞ ትዳር ይናጋል። ከሁሉም በላይ ወላጅን እንቅልፍ የሚነሳው “እኔ ከሞትኩ ማን ይይዘዋል?” የሚለው ጥያቄ ነው።

ጸጸትና ኀፍረት በጊዜ ብዛት ብቻ አይለቁም። ምርመራው ልጁን እንዳልለወጠው ወላጁ ሲረዳ ግን ነገሩ መልክ መያዝ ይጀምራል። ልጁ ትናንት የነበረው ልጅ ነው። ይስቅ በነበረበት ይስቃል፤ የሚወደውን ምግብ ይወዳል። የተጨመረው የወላጁ ዕውቀት ነው። ትናንት “እልኸኛ ነው” ብሎ ይቆጣው የነበረው አባት ዛሬ የጆሮው ስሜት በዝቶበት ገበያ መሀል እንደሚያለቅስ ካወቀ ቁጣው ይበርዳል። ስሙ ወላጁን የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከወላጆች የተነሣ ሥራ

በአገራችን ለኦቲዝም የመጀመሪያዎቹን በሮች የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ትምህርት ቤቶች ልጃቸውን ሊይዙላቸው ባለመቻላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከዚያ በፊት በውበት ሥራ ማሠልጠኛቸው የሚታወቁ ባለሙያ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት እስከተለዩ ድረስ በአደባባይና በመገናኛ ብዙኃን ስለ ልጃቸው ሳያፍሩ ተናገሩ። ሌላው በአዲስ አበባ የሚገኘው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ተነሣሽነት የተመሠረተ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ ከማዕከሉ ባልተናነሰ ያበረከቱት አንድ ነገር አለ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ በቴሌቪዥን ስትቀርብ፣ በሌላ ቤት ልጇን ደብቃ የተቀመጠች እናት ብቻዋን እንዳልሆነች ታያለች። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው አባባል ኦቲዝም በሽታ ባይሆንም እዚህ ላይ ይሠራል፤ የተደበቀ ልጅ መምህርም ጓደኛም አያገኝም። ሆኖም ማዕከላቱ በአዲስ አበባ የተወሰኑ፣ የሚቀበሉትም ልጅ ከሚጠብቀው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሚዛን ተፈሪ ከመዲናዋ በመንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ማጂ ከዚያም ያለፈ ጉዞ ይጠይቃል። አንድ የቡና ገበሬ ልጁን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ አድርሶ ማስመርመር ቢችል እንኳ በየሳምንቱ ማመላለስ አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው ለልጁ ቅርብ በሆነው ቦታ መፈለግ አለበት።

በቀበሌና በወረዳ ምን ይቻላል?

የመጀመሪያው ቦታ ጤና ኬላው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። እነርሱ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ የአካባቢውን ቋንቋ ይናገራሉ፤ የተደበቀ ልጅ ካለም ቀድመው ያውቃሉ። በአገራችን የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት አጭር ሥልጠና ከቪዲዮና ከኪስ መመሪያ ጋር ሲሰጣቸው ስለ ኦቲዝም የነበራቸው አሉታዊ አመለካከት መቀነሱን አሳይቷል። የክልሉ ጤና ቢሮና የዞን መምሪያዎች በእናቶችና ሕፃናት ሥራቸው ላይ የእድገት ምልክቶችን መከታተልን ቢጨምሩ፣ በክትባት ቀን “ስሙ ሲጠራ ይዞራል? በጣቱ ይጠቁማል?” ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ በጀት አያስወጣም። የሚያጠራጥረው ልጅ በሚዛን አማን ወደሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል ወዳለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሪፈር ሊላክ ይችላል።

ሁለተኛው የወላጆች ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚሰጡትም ስፔሻሊስት ሐኪሞች እንዲሆኑ አያስገድድም። ወላጆች በቤት ውስጥ በጨዋታና በዕለታዊ ሥራ መካከል ልጁን እንዴት እንደሚያነጋግሩ፣ አስቸጋሪ ባሕርይ ሲያሳይ ምን እንደሚያደርጉ፣ የራሳቸውንም ጤና እንዴት እንደሚጠብቁ ይማሩበታል። በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠር ተሞክሯል። ቡና እያፈሉ ወይም በቆሎ እየፈለፈሉ ሊሠራ የሚችል በመሆኑ ለእኛ አካባቢ አይከብድም። በቡድን መሰብሰቡ ደግሞ ያ ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን የሚነገርበት ቦታ ይሆናል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው። የኢፌዲሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ዜጎች እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂና የድጋፍ መስጫ ማዕከላትም ተቀርጸዋል። በተግባር ግን ርእሰ መምህሩ “ይረብሻል፤ ወደ ቤት ውሰዱት” ካለ አዋጁ ለዚያ ቤተሰብ የለም ማለት ነው። የተጣበበ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚያስተምርን መምህር መውቀስም አግባብ አይሆንም። በወረዳው አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር መመደብ፣ ልጁ መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት እንዲገባ መፍቀድ፣ ከሚጮኸው ደወል አርቆ ማስቀመጥ ግን የሚጀመርባቸው እርምጃዎች ናቸው። 74.5 በመቶ የሚሆኑት ወላጆች የጠየቁት ይህንኑ ነው።

አራተኛው የእምነት ተቋማትና ማኅበራት ድርሻ ነው። ከወላጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በጸሎት እንደሚጽናኑ ካየን የሃይማኖት አባቶች ቃል ያለውን ክብደት መገመት አያዳግትም። ጸበሉ፣ ዱዓውና ጸሎቱ ይቀጥሉ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን አይቋረጥ። ከመድረኩ “ይህ ልጅ የማንም ኃጢአት ክፍያ አይደለም” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ካህን፣ ፓስተር ወይም ሼኽ ቢሰማ ብዙ በር ያስከፍታል። ዕድሮችም በቡና ለቀማ ወራት እነዚህን ልጆች በተራ የሚጠብቅ ሰው ቢመድቡ የእናትየው ወገብ ይቀናል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በምርመራው ዕለት

በመጨረሻ ውጤቱን የሚናገረው ባለሙያ ኃላፊነት አለ። የሚቻል ከሆነ እናትና አባት አብረው ይስሙ፤ አንደኛው ለሌላው አስረጂ ሆኖ እንዳይቸገር። በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው፤ ኦቲዝም የሚለው ቃል ለአማርኛም እንግዳ ነውና ስሙን ብቻ ጠርቶ ማሰናበት አይበቃም። በወላጅ ጥፋት የመጣ እንዳልሆነ በግልጽ ይነገር። ልጁ የማይችለው ብቻ ሳይሆን የሚችለውም ይቆጠር። በዚያው ዕለት ማታ ቤት ውስጥ የሚጀመር አንድ ቀላል ሥራ ይሰጥ፤ ለምሳሌ ልጁ ውኃ ሲፈልግ እጁን ይዞ ወደ ጣሳው እንዲጠቁም ማለማመድ። ተመልሰው የሚመጡበት ቀንም ይወሰን።

በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የሚከበረው የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሲመጣ በየከተማው ሰልፍና ንግግር ይኖራል። መልካም ነው። በቀሩት ቀናት ግን አንድ ክልል፣ አንድ ዞን ወይም አንድ ቀበሌ ለእነዚህ ወላጆች የቆመ መሆኑ የሚለካው በተጨባጭ ጥያቄዎች ነው። ምልክቱን የምታውቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች? ልጁን ለአንድ ሰዓትም ቢሆን የሚቀበል ክፍል አለ? እናቲቱ ቡና ለቀማ ስትወርድ ልጇን በአደራ የምትሰጠው ሰው አላት? ለእነዚህ “አለ” የሚል መልስ የሚሰጥ ቀበሌ ውስጥ የሚኖር ወላጅ የምርመራውን ውጤት ሲሰማ ማዘኑ አይቀርም። ሐዘኑን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ግን ይኖረዋል።